የተገለበጠው ከፈይ

በአዲሱ ቴአትር ቤት የመክፈቻ ቀን እታለም የተቀመጠችበት ወንበር አልመች አላት። ወንበሩስ ምንም አልሆነ፤ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ ገና ያልተላጠለት ሁሉ አለ። እረፍት የነሳት መድረኩ ላይ የተሰቀለው መጋረጃ ነው።

ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ ማሽን ላይ እንደተቀመጠች እዚያው የቀረች ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰፋችው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ዘንድሮ ግን የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ የአዲሱን ቴአትር ቤት መጋረጃ ሥራ ይዞ መጣ። አርክቴክቷ ግድግዳውን በእንጨት አልብሳ፣ ጣሪያውን እንደ ማዕበል አጥፋ ስታበቃ፣ መጋረጃው አንድ ወጥ ጥቁር ቀይ ከፈይ ይሁንልኝ አለች። ጋሼም ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «ይህን ጨርቅ ያበላሸ ሁለተኛ በሬን እንዳይረግጥ» አለ።

ከፈይ ጠጉር አለው። ወደ ላይ ሲዳብሱት ጠቆር፣ ወደ ታች ሲዳብሱት ፈካ ይላል። ስለዚህ ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆረጥ አለበት። ዩኒፎርም ግን እንዲህ አይደለም፤ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ደራርበው ይቆርጡታል። የመጨረሻው ቀን እታለም እግሯ አብጦ፣ ጋሼ «ቶሎ፣ ቶሎ» እያለ ሲቆምባት፣ እጇ በለመደው መንገድ ሄደ፤ አንዱ ቁራጭ ተገለበጠ።

አሁን እንግዶች ሊገቡ ሲሉ የመድረኩ መብራት ተሞከረ። መጋረጃው ላይ ከግራ በኩል አንዱ ቁራጭ ፀሐይ እንደበላው ፈክቶ ታየ።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዋ። አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ይሏታል።

«ዝም በይ እስቲ።»

«እኔን ዝም በይ ማለት ማሽኑን ያለ ክር ስፊበት እንደ ማለት ነው።»

«ያንን አየሽው? ከግራ ሦስተኛውን።»

ሬዲዮ አየች። እውነትም ዝም አለች። ቆይታ፣ «ማን ልብ ይለዋል? ሰው ተዋናይ ሊያይ ነው የሚመጣው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም ያሳመናት አይመስልም።

እታለም ወገቡን ተመትቶ ከቤት የዋለው ባሏ ታወሳት። ሟች እህቷ ትታላት የሄደችው ልጅም ገና አልተመረቀችም። በዚህ ዕድሜ የማንን በር ታንኳኳለች?

አርክቴክቷ በመተላለፊያው ስትወርድ ድንገት ቆመች። ጋሼን ጠርታ ጣቷን ወደ መጋረጃው ቀሰረች። ጋሼ አንገቱን እያከከ፣ «ጨርቁ ነው፤ ከፋብሪካው እንዲሁ መጥቶ ነው» ሲል እታለም ሰማች። ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልፍ ይሆናል። ግን ዛሬ ይታወቃል፣ ነገ ይታወቃል እያለች መክረሙን አልቻለችውም። ተነሣች።

«ጋሼ፣ ፋብሪካው አይደለም። እኔ ነኝ የገለበጥኩት።»

ጋሼ ዓይኑን አፈጠጠባት። አርክቴክቷ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየች፤ ተነፈሰችና መብራት የሚሠራውን ሰው፣ «ግራውን ቀነስ አድርግልኝ። ዛሬን እንዲሁ እንለፈው» አለችው። እድፍ የመሰለው ፍካት ደብዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም።

«እኛ ነገ እንነጋገራለን» አላት ጋሼ።

የመክፈቻውን ትርኢት እታለም አየችው አይባልም። መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ሰው ወደ ግራ ዞሮ እንደሆነ ታያለች። ሲያጨበጭቡ አብራ አጨበጨበች።

በማግስቱ መጋረጃው ወርዶ ስፌት ቤቱ ወለል ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። ጋሼ ሰላምም አላላትም።

«ፍቺውና አቃኚው። ከዚያ ዩኒፎርምሽ ላይ ትመለሻለሽ። ከፈይ ግን ሁለተኛ አትነኪም።»

«እሺ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አታመስግኚኝ። ሌላ ሰው አጥቼ ነው።»

ስፌቱን መፍታት እንደ ጀመረች እጇ ቆመ። ክሩ የወጣበት ከፈይ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ተራ በተራ ተደርድሮ ቀርቷል። በእንፋሎት ሞከረችው፤ አልጠፋም። ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ብትሰፋ ቀዳዳው ይሸፈናል፤ መጋረጃው ግን ይጠባል። ሁለቱ ክንፎች መሀል ላይ መድረስ አለመድረሳቸው የሚታወቀው ሲሰቀል ነው።

ጋሼን ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ቁራጩን ፈትታ ገለበጠችና ጠጉሩን በመዳፏ ዳበሰች፤ ደግማ ዳበሰች። ከዚያ ጨርቁን ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብታ መርፌው ሥር አደረገችና ማሽኑን ረገጠች።