ሰባት ቤት እየቆጠሩ ያዳኑን

አያቴ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ለጋብቻ ብቻ አልነበረም። ሰልፋ የሚባለው ክኒን ቆዳን እንደ እሳት ልጦ እህታቸውን ከገደለ፣ እሳቸውም ለጥቂት ከተረፉ ወዲህ፣ ዘመድ በታመመ ቁጥር መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ከች ይሉ ነበር።

«ይቺ ዘመዴ ናት፤ ሰልፋ እንዳትሰጧት! ደማችን አይወደውም።»

አንዴ አንድ የወግዲ ነጋዴ ሲታከም ጣልቃ ገቡ።

«አባ፣ እኔ እስላም፣ እርስዎ ቄስ፤ ምን ያዛምደናል?»

«ቆጥረህ ጨርሰሃል?» አሉት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ካረፉ በኋላ ታምሜ ብሄድ፣ ይቀመጡባት የነበረችው የጤና ጣቢያው አግዳሚ ጥግ ባዶ ናት። ሐኪሙ መድኃኒት ሊጽፍልኝ ሲል ወረፋ ወደያዝነው ሰዎች ቀና ብሎ፣ «ከእናንተ ውስጥ የቄሱ ዘመድ ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ የወግዲው ነጋዴ ከኋላዬ እጁን አውጥቶ ቀደመኝ።