እስከ በሩ ልሸኘው

ትናንት ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ውስጥ አንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ቴአትር ልዘግብ ተቀምጬ፣ ከበሮው ሲመታ ልጅነቴ መጣብኝ።

በደርግ ዘመን ከእማዬ ጋር ተሰደን እንደመጣን፣ እዚሁ ለንደን ባተርሲ በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይህንኑ ቴአትር ለእማዬ በሹክሹክታ እየተረጎምኩ አይቼዋለሁ። ሞት የጠራው ሰውዬ ወዳጆቹን «አብራችሁኝ ሂዱ» እያለ ሲለምን ሁሉም ሸሹት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እማዬ፣ ቴአትር እኮ ነው!» ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ።

«ቢሆንስ? እስከ በሩ ልሸኘው። አባትሽን ሲወስዱት ከጎረቤት አንድ ሰው ብቅ አላለም።»

እኔ ግን አባቴ ለሥራ የሄደ ይመስለኝ ነበር።

ተዋናዩ ግራ ቢገባውም እጁን ዘረጋላት። እስከ መጋረጃው አብራው ሄደች።

ትናንትም ሰውዬው ያንኑ ልመና ጀመረ። ዘጋቢ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው። እኔ ተነሣሁ።