የሚያከሳው ዱቄት

በእኛ አገር ወፍራም ሰው ሲታይ «ተስማምቶሻል» ይባላል። ታላቅ እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ስትሰማ ኖራለች። ፍኖተ ሰላም ገበያው ዳር ባለችው በርበሬ መሸጫችን ውስጥ እሷ ከተቀመጠች ለሌላ ሰው ቦታ አይተርፍም ነበር፤ ደንበኛው ግን የሚመጣው እሷን ብሎ ነው። ከጅጋ በርበሬ ይዞ የሚመጣ ገበሬ እሷን ካላገኘ ጆንያውን አያወርድም። እኔን ቀጭኗን ሚዛን የምሰርቅ ይመስል በጎን ነበር የሚያየኝ።

ከዚያ ስኳር አለብሽ ተባለች። ሐኪሙ ደኅና ሰው ነው፤ ታግሦ አስረዳት። ኪኒኑን ሳታቋርጪ ውሰጂ፣ ምግብ ቀንሺ እንጂ አትተይ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ክብደቱ ቀስ እያለ ይወርዳል አላት። «ቀስ እያለ» የሚለውን አልወደደችውም። እናታችን በዚሁ በሽታ እግሯን ተቆርጣ ነው የሞተችው። ያስታመመቻት፣ ቁስሏን ያጠበችላት እህቴ ናት። ስለዚህ ቀስ እያለ ለሚመጣ ነገር ትዕግሥት አልነበራትም። እግሯን ስትታጠብ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትዳብሳቸው ነበር።

ከሱቃችን ጎን ፀጉር ቤት ያላት ልጅ ዱቄቱን ያመጣችላት በዚህ መሃል ነው። ዲቶክስ ይባላል። ጣሳው ላይ ወገበ ቀጭን ፈረንጅ ሴት አለች። በሎሚ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ምግብ ይተዋል፣ ሆድ ሲታጠብ መርዙ ይወጣል፣ ስቡም ተከትሎት ይሄዳል ነው የተባለው። ልጅቷን ክፉ ናት አልልም፤ ራሷም ትጠጣው ነበር።

ለእህቴ ነገሩ ባዳ አልነበረም። እኛ ኮሶ እየጠጣን ያደግን ልጆች ነን። አባታችን በማለዳ ያጠጡናል፤ ጓሮ ስንመላለስ ውለን ባዶ ስንሆን «አሁን ጸዳችሁ» ይሉናል። ኮሶ ግን የሚያወጣው ትል ነው፤ ትሉንም በዓይናችን እናየዋለን። ይሄ ዱቄት ያወጣዋል የተባለውን መርዝ ማንም አይቶት አያውቅም። ይህን ስነግራት «አንች ምን ታውቂያለሽ፣ ቀጭን ነሽ» አለችኝ።

ቤት ውስጥ ብትጠጣው ኖሮ እናስቆማት ነበር። እሷ ግን ፍልሰታን ጠበቀች። በፍልሰታ ብዙ ሰው ሱባኤ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀምጦ በውሃ የራሰ ሽምብራ እየቆረጠመ ጾሙን በጸሎት ይጨርሳል። አባታችን ቄስ ናቸው። የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ ቀድመው ነግረዋት ነበር፤ «አውቃለሁ አባየ» አለቻቸው። ቡሬ አጠገብ ወዳለ ደብር ስትሄድ በዘንቢሏ ከላይ ሽምብራ፣ ከታች ጣሳውን ይዛ ነው። ኪኒኑን መስኮት ላይ ትታው ሄደች።

ኪኒኑን ሳገኘው ለአባታችን ወሰድኩላቸው። ሄደን እናምጣት አልኳቸው። ኪኒኑን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

«ሱባኤ የገባ ሰው ስለ ጉርሱ አይጠየቅም። የእሷና የእመቤታችን ነገር ነው።»

በእኛ ዘንድ ይህ ከተባለ ክርክር የለም። ጿሚ ጾሙን አያወራም፣ ሌላውም አይጠይቀውም። መልካም ልማድ ነው፤ ሰውን ከግብዝነት ይጠብቃል። ለእህቴ ግን መደበቂያ ሆናት። አጠገቧ የነበሩት ሱባኤተኞች ስትንገዳገድ እያዩ ብርታቷን አደነቁ እንጂ ምን ቀመስሽ ያላት አልነበረም። ኪኒኑን በሰው ሰደድኩላት፤ ከነማሸጊያው መለሰችው።

ጾሙ ሲፈታ ቀሚሷ ሰፍቷት መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ጾሙ ሠራላት አለ። አባታችንን እንደዚያ ቀን ሲኮሩ አይቻቸው አላውቅም። ለፍስኩ የታረደውን ዶሮ ሁላችንም በላን፤ እሷ ከንፈሯን ብቻ አስነክታ ተነሣች። ጾሙ አለፈ፣ ዱቄቱ ግን አላለፈም። ኪኒኑም ራሱ መርዝ ነው ማለት ጀመረች። ተለማመጥኳት፣ ተቆጣኋት፣ ጣሳውን ደፋሁባት። ሌላ ገዛች።

አዲሱ በርበሬ በሚገባበት ሰሞን ከገበሬ ጋር ስትከራከር ጆንያው ላይ ወደቀች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የቀነሰችው አብዛኛው ውሃዋና ሥጋዋ ነው፤ ያለ ኪኒን ስኳሩ ወጥቶ፣ የዱቄቱ ተቅማጥ ውሃዋን ጨርሶ፣ ድሮም የደከመው ኩላሊቷ ከሥራ ውጭ ሆኗል አለኝ። ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት። ማሽኑ ያለው ባሕር ዳር ነው። መንገዱ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሲከፈት ይዣት እሄዳለሁ፣ ሲዘጋ ቁጭ ብዬ ፊቷ ሲያብጥ አያለሁ።

ከዚያ በኋላ መካሪው በዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አባታችን ግን በየማለዳው ጠበል ያመጡላትና በሩ ላይ አድርገውላት ይመለሳሉ፤ ወደ ውስጥ ገብተው ዓይኗን ማየት አቅቷቸዋል።

ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው። ባለፈው ሰሞን የድሮ ደንበኛችን የሆነች የሽንዲ ሴት ልትጠይቃት መጣች። ወፍራም ናት፣ እህቴ ድሮ እንደነበረችው። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጥቂት ካለቃቀሰች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እሷንም ሐኪሞች ስኳር አለብሽ፣ ክብደት ቀንሺ ብለዋታል።

«ያ የጠጣሽው ነገር ምን ነበር እትየ? ያኔ ቶሎ ነው ያከሳሽ አሉ።»

እህቴ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ከወደቀች ወዲህ ፊቷ ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሎሚው ስንት እንደሆነ፣ በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ፣ ከማን እንደሚገዛ፣ ሁሉንም ነገረቻት።

«ብቻ እንደኔ ከመሃል እንዳትተይው» አለቻት። «እኔን የጎዳኝ አለመጨረሴ ነው።»

እሷ ፊት ምን ልበል? እየሞትሽ ነው ልበላት? ሴትዮዋን ልሸኝ ብዬ ተነሣሁ። ደጅ ስንደርስ ክንዷን ይዤ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ የእህቴን ኩላሊት፣ ማሽኑን፣ መንገዱን። ኪኒንሽን ብቻ እንዳትተይ ብዬ ለመንኳት። ስጨርስ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንችማ ድሮም ቀጭን ነሽ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ፀጉር ቤቱ ገባች።