መስቀል የተሰመረበት ዱቄት

ኖሪና ሰው አታምንም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ያደገችበት ሙያ ነው። አባቷ በሰሜን ኢጣሊያ በካርኒያ ተራሮች መሃል በምትገኘው መንደራቸው የወተት ማኅበሩ ፎርማጆ ሠሪ ነበሩ። መንደርተኛው ጠዋትና ማታ ወተቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ እሳቸው ይመዝናሉ፤ እሷ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የብርጭቆ መለኪያዋን ወተቱ ውስጥ እየነከረች ውሃ የቀላቀለውን ታጋልጣለች። "ፊቱን አትዪ፣ ወተቱን እዪ" ይሏት ነበር። አንድ ዓመት የክርስትና እናቷን ሳይቀር አጋለጠች። ሴትዮዋ እስክትሞት ድረስ ሰላምታ ነፈገቻት፤ ኖሪና ግን ዛሬም አልጸጸታትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ናት።

እንግዲህ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ የባሏ ስኳር አልወርድ ሲል ምን ልታደርግ እንደምትችል መገመት አያዳግትም።

ባሏ ቲቴ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲሰነጥቅ የኖረ፣ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት መጋዝ የበላበት ግዙፍ ሰው ነው። በግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብትለው ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ግን አልቀለደም።

"ዳቦ የለም፣ ድንች የለም፣ ፖለንታ የለም" አለ። "እስከ ፋሲካ ስኳሩ ካልወረደ ጣቱን እንቆርጣለን። ምናልባት ከጣቱም በላይ።"

ካርኒያ ውስጥ ተወልዶ ያለ በቆሎ ገንፎ፣ ያለ ፖለንታ ምሳ የበላ ሰው ማን አለ? ቲቴ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ሲደርስ "አንዱን ጣት ለመጋዝ ሰጠሁ፤ ሁለተኛውን ለገንፎ ብሰጥ ሰው ምን ይለኛል?" አለ። ኖሪና አልሳቀችም። በአርባ አራት ዓመት ትዳር እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

ፖለንታውን እሷም አብራው ተወች። የበቆሎ ዱቄቱን ግን አልጣለችውም፤ ረሃብ ያየ ቤት ዱቄት አይጥልም። በምድጃው ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ በቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ ተቀመጠ። በገንፎው ፋንታ ፍሪኮ ትሠራለት ጀመር። የከረመ ፎርማጆ ትፈቀፍቃለች፤ በጋለ መጥበሻ ላይ እፍኝ እፍኙን ትበትናለች፤ ቀልጦ እንደ ዳንቴል ሲሳሳና ዳር ዳሩ ሲቀላ አንስታ በተደፋ ብርጭቆ ላይ ታለብሰዋለች። ሲቀዘቅዝ በጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ዳቦም ገንፎም የሌለበት፣ ስኳር የማያውቅ ምግብ ነው። ሲሠራ ግን ሰው እንዲያይባት አትፈልግም፤ እናቷ ሰው ያየው ፍሪኮ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል ይሉ ነበር። ስለዚህ ምሳም እራትም ሲደርስ ቲቴን ከማድ ቤት ታስወጣዋለች።

ቲቴ ፍሪኮውን ወደደው። ስኳሩ ግን ጣቱን እየወጋች በለካችው ቁጥር ሐኪሙ ካለው በላይ ነው።

ያኔ ኖሪና ወደ ልጅነት ሙያዋ ተመለሰች። ከውጭ ሲገባ ጺሙን ታሸታለች። የኮቱን ኪስ ገልብጣ ፍርፋሪ ትፈልጋለች። ቡና ቤቱ ድረስ ሄዳ "ቲቴ እዚህ ምን ይበላል?" ብላ ጠየቀች፤ "ምን ይበላል፣ ያንቺን ግልምጫ እየፈራ ውሃውን ይጠጣል እንጂ" አሏት። አላመነቻቸውም። አንድ ቀን ቆርቆሮውን አውርዳ ስታየው ዱቄቱ ጎድሏል። ዱቄቱን ደልድላ በጣቷ መስቀል አሰመረችበትና መልሳ ሰቀለችው። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ስታወርደው መስቀሉ የለም። በቦታው አራት ጣቶች የጫሩት አራት ቦይ አለ።

የቤቱ ቁልፍ ያላት ሌላ ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ ፎቅ ላይ የምትኖረው የቲቴ ታላቅ እህት ካቲና። "ወንድሜን በረሃብ ልትገድይው ነው" እያለች ከወር በላይ ስትነጫነጭ የከረመችውም እሷው ናት።

ኖሪና ቆርቆሮውን ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። ካቲና በሯን ስትከፍት ሰላምታም አላገኘችም።

"እጀ አመለኛ! ለወንድምሽ በስውር ፖለንታ እያገነፋሽ እግሩን ልታስቆርጪው ነው!"

"ምን አልሽ?"

"ቁልፌን አምጪ።"

"ቁልፍሽንም እንቺ፣ እንቁላሌንም ከዛሬ ጀምሮ አትጠብቂ" አለች ካቲና ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ቁልፉን መሬት ላይ ወርውራ። "ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ! ቲቴ! ቲቴ ና፣ ሚስትህ ዳኛ ሆናልሃለች!"

ቲቴ እያነከሰ ወጣ። ነገሩን ሰምቶ ቆርቆሮውን አየና "እኔ አልነካሁም" አለ።

"አንተም ትዋሻለህ፣ እሷም ትዋሻለች!"

"ጣቱ እዚህ አይደል የታተመው?" አለች ካቲና። "ልኪዋ! አባትሽ ፊቱን አትዪ፣ ወተቱን እዪ አይደል የሚሉት?" ብላ እጇን ዱቄቱ ውስጥ ዶለችው። ቁርጥማት ያሳበጠው እጇ አልታጠፈላትም፤ ዱቄቱ ላይ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ብቻ ቀረ። ቲቴ ተራውን ቀኝ እጁን ሰደደ። ሌባ ጣት የለውምና ሦስት ወፋፍራም ቦይ ጫረ።

ከዚያ ሁለቱም ኖሪናን አዩዋት።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለች። ለማሳየት ያህል እጇን ሰደደችና ዘገነች። አራት ቀጫጭን ቦይ። ዳር ላይ ካልተነካው ከምሳ ሰዓቱ ምልክት ጎን ሲታይ አንድ ነው።

ኖሪና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጇ ውስጥ የቀረውን ዱቄት ስታየው እናቷ ትዝ አሏት፤ ፎርማጆው እንዳይጣበቅ መጥበሻው ላይ አስቀድመው አንድ ጭብጥ የበቆሎ ዱቄት ሲበትኑ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እሷም እንዲሁ ሠርታለች። ዓይኗ መጥበሻው ላይ፣ ሐሳቧ ሌባ ፍለጋ ላይ ሳለ፣ እጇ ወደ ራስጌው መደርደሪያ ሄዶ ሥራውን ሠርቶ ይመለስ ነበር። በቀን ሁለቴ፣ በየመጥበሻው።

"በገዛ እጄ" አለች። ካፈረችው ይልቅ የፈራችው በዛ። "ቲቴ፣ በገዛ እጄ ነው ያበላሁህ።"

ካቲና ቁልፉን ከመሬት አንስታ ኪሷ ከተተችው። "እንቁላሉን ነገ አመጣለሁ" አለች። ቆርቆሮውንም ወስዳ ዱቄቱን ለዶሮዎቿ በተነችው።

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በማግስቱ ኖሪና መጥበሻውን ስትጥድ ቲቴን አላስወጣችውም፤ እንዲያውም ወንበር ሳበችለት። ፎርማጆውን ፈቅፍቃ እንደጨረሰች ቀኝ እጇ ተነሥቶ ባዶው መደርደሪያ ላይ ዳሰሰ። አየችውና ደነገጠች።

"ያዝልኝ" አለችው።

ቲቴ እጇን በአራቱ ጣቶቹ ጨብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። በግራዋ ፎርማጆውን በተነች። ፍሪኮው ተጣበቀ፤ እየፋቀች በስብርባሪ አወጣችው። ቲቴ አንዱን ቁራጭ አፉ ውስጥ ከተተና ቀጭ አደረገው።

"በቃ ልቀቀኝ፣ ልጨርስ" አለች።

"አለቅም" አለ ቲቴ እያኘከ። "ይሄን እጅ አላምነውም።"