ዝም ያለውን ማን ይጠይቀው

የሸኮው ገበሬ ማቴዎስ ቤቱ ከቡናው መሐል፣ ቡናው ከጫካው ጥላ ሥር ነበር። በእነሱ ቀበሌ ደንብ ሲወጣ ሽማግሎቹ ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ተናግሮ ይጨርሳል። ከዚያ ዝም ያለውን ይፈልጋሉ። «አንተስ? ምን ከፋህ?» ይሉታል። እሱ አፉን ሳይከፍት ደንብ ብሎ ነገር የለም። ቡናው ረግፎ ቢያልቅም ይጠበቃል!

የመንደር ምሥረታው ወሬ የመጣ ጊዜ ካድሬው ለሸንጎ የሚላክ ሰው «ምረጡ» ብሎ አንድ ስም ብቻ ይዞ መጣ። የማቴዎስ ስም ሆነና ሰዉ ተመስገን አለ።

ሚስቱ ሎሚ ወደ ሸንጎው ስትሸኘው፣ «መንገድ ዳር ካሰፈሩን ቡናችንን የሚለቅመው ጦጣ ነው። ይህንን ንገራቸው» አለችው።

«ዝም ካልኩ ራሳቸው ይጠይቁኝ የለ?» አላት።

ሚዛን ተፈሪ አዳራሽ ውስጥ ሰብሳቢው ጓድ ተረፈ የሰፈራውን ውሳኔ አነበነቡት። «የምትደግፉ?» አሉ። አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ማቴዎስ ክንዱን አጣምሮ ጠበቀ።

ከቴፒ የመጣው መምህር ከፈለኝ በክርኑ ጎሸም አደረገው። «አንሣ እንጂ ሰውዬ! ልታስበላን ነው?»

«ይጠይቁኛል።»

«ማን? አንተን? እዚህ?»

«የሚቃወም የለም። ድምፀ ተአቅቦ አንድ። ጸድቋል!» አሉ ጓድ ተረፈ። ተጨበጨበ።

ማቴዎስ ብድግ አለ። «ጌቶቼ፣ እኔ እኮ ገና አልተጠየቅሁም።»

«ጓድ፣ አጀንዳው ተዘግቷል። ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። ሰው ከነቤቱ ሲነቀል የሚፈጀው ጊዜ ይኸው ነው፤ እጅ አንሥተው እስኪያወርዱ! ይህንንም ሕግ ይሉታል። ዋርካ ሥር የተቀመጡትን ደግሞ ኋላ ቀር!

አገሩ ሲገባ ሽማግሌው አባ ሳህሉ ጠየቁት። «ምን አልካቸው?»

«ዝም አልኩ።»

«ደግ አደረግህ። እነሱስ?»

«ወደሚቀጥለው አለፉ።»

«ዝም ያለ ሰው ተቀምጦ? እንዴት አድርገው ያልፋሉ?» ሽማግሌው አልገባቸውም። ሳይገባቸው የራሳቸውን ጣራ በገዛ እጃቸው አፍርሰው፣ ማገሩን ተሸክመው መንገድ ዳር ወረዱ።

ቡናው ሲቀላ ጦጣ ገባበት። ሊለቅም የሄደውን ሁሉ የመንደሩ ጥበቃ መለሰው።

በዚያው ሰሞን ካድሬው አዲሱን መንደር ሰብስቦ ሌላ መመሪያ አነበበ፤ ጫካ ውስጥ የቀረው ቡና የመንግሥት ይሁን የሚል። «የምትደግፉ?»

ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያነሣው ማቴዎስ ነበር። ሎሚ አየችው። ክንዷን አጣምራ፣ ዝም ብላ ተቀመጠች።

የጠየቃት የለም። ማቴዎስም አልጠየቃትም።