የኑግ ዘይት የጠጣው ሞተር

ማክሰኞ ንጋት፣ ደሴ

ደሴ ብርዷን ለእንግዳ አትሰስትም። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሼ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ «ሐይቅ! ሐይቅ! የሞላ!» እያለ የሚጮኸውን ረዳት አምኜ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። የሞላ በተባለው መኪና ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበሩት አንዲት ሴትና ሁለት ጆንያ ድንች ናቸው። በእርግጥ የሞላው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው።

የምሄድበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሐይቅ ከተማ ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ትምህርቱን አገሩ ከሚፈልገው ሥራ ጋር አገናኝቷል ብለውኝ ነው። አላመንኩም። «ሥልጠናን ከገበያው ፍላጎት ጋር ማስተሳሰር» የሚል ጽሑፍ በስንት አዳራሽ ተሰቅሎ አይቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ ብስኩቴን በልቼ ተመልሻለሁ። የእህቴ ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቆ ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ ሒሳቡን ግን አሳምሮ ይይዛል።

ቁልቁለቱን ስንያያዘው ብርዱ እየለቀቀን መጣ። ባህር ዛፍ፣ የታጨደ ማሳ፣ ከዚያ ደግሞ ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና። አጽሙ ላይ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል።

«ይሄን የሚያነሳው የለም?» አልኩት ሾፌሩን።

«ምን ቀረውና ይነሳል? የሚፈታው ተፈታ፣ የሚቆረጠው ተቆረጠ። ለልብስ ማስጫ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ያደርቃል» አለኝ።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ሐይቅ

ሐይቁ በግራር መሐል ብልጭ ሲል ትንፋሼን ያዝኩ። ስንቴ አልፌበታለሁ፣ ያው ነው፤ አሁንም አፌን ያስከፍተኛል። ከተማው ውስጥ ግን ቀድሞ የሚቀበላችሁ የባጃጅ ጡሩምባ ነው። አንዱን አስቁሜ ወደ ማሠልጠኛው እንዲወስደኝ ስነግረው ሾፌሩ ሳቀ።

«እኔም የዚያው ምሩቅ ነኝ።»

«በምን?»

«በቅየሳ። የክፍላችን ልጆች አብዛኞቻችን ባጃጅ ላይ ነን።»

«ምነው?»

«እንጃ እትዬ፣ አገሩ አንዴ ከተቀየሰ በቃው መሰለኝ።» ጥቂት ሄድ ብሎ ጨመረ። «ያኔ ምን ይፈለጋል ብሎ የጠየቀ የለም። አሁን ጋሽ ሰይድ ሰውን መፈናፈኛ አሳጥተውታል፤ ቀብር ላይ ሳይቀር ይጠይቃሉ።»

ጋሽ ሰይድን ያገኘኋቸው ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ጎልማሳ መምህር ናቸው፣ ቱታቸው ንጹሕ፣ ጥፍራቸው ጥቁር። ጦርነቱ ሲያልፍ ከማሽኖቹ የተረፉት ወለሉ ላይ የተተከሉት ብሎኖች ብቻ ነበሩ። አሁን ሠልጣኞቹ በብሎኖቹ መሐል ምንጣፍ አንጥፈው ከየመንደሩ የመጡ የተበላሹ የውኃ ሞተሮችን ይፈታታሉ።

«ማሽን ሳለን ማሽኑ የሚችለውን ነበር የምናስተምረው። ማሽኑ ሲሄድ ወደ ሰው ሄድን» አሉኝ።

ወደ ሰው የሄዱት በቅሬ በኩል ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲቸገር የሚደርስለት የመንደር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀባበርበታል። ከቀብር መልስ ሕዝቡ ሲቀመጥ ጋሽ ሰይድ ተነስተው ከቅሬው ዳኛ ፈቃድ ይለምኑና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ምን ቆሞባችኋል?»

«ለምን ‹ምን ዓይነት ሥልጠና ትፈልጋላችሁ› አይሉም?» አልኳቸው።

«ቢሮ ጠርተን እንዲያ ስንል የምንወደውን ይነግሩናል፤ ወሎዬ እንግዳ አያሳፍርም። ቆመብን ሲል ግን የልቡን ነው።»

ወፍጮ ቆሞብናል ያለ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪና ያለችም አለች። ከሁሉም የበዛው ግን የውኃ ሞተር ነው። ስለዚህ ሥራ ያጣ ምሩቅ የሞላባቸውን ትምህርቶች ለጊዜው ትተው የሞተር ጥገናን ከፈቱ። ፈተናውም በወረቀት ብቻ አያልቅም። ተማሪው መንደር ወርዶ፣ የቅሬው ሰው እያየ፣ የቆመውን ያስነሳል። እኔ ተጠራጣሪዋ ይሄን ስሰማ አንጀቴ ራሰ።

ምሳችንን ሐይቁ ዳር በላን። ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ፣ በሎሚና በዳጣ፤ ዋጋው ከአዲስ አበባው ጋር ሲተያይ ሰደቃ ነው። ጋሽ ሰይድ አጥንቱን እየለቀሙ ከመጽሐፍ ያላገኙትን በሽታ አጫወቱኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ገበሬው የውኃ ሞተሩን መሬት ቆፍሮ ቀበረ። እንዳይዝግበት የሞተር ዘይት ፈለገ፤ ከየት ይምጣ? ለወጥም ለቁስልም የበጀው የኑግ ዘይት ለብረት ምን ይገደዋል ብሎ እሳት በሚለኩሰው በካንዴላው ቀዳዳ አጠጣው። ዘይቱ ከርሞ ሙጫ ሆነ፣ ፒስተኑንም ጨምድዶ ያዘው።

«መጀመሪያ በጉልበት ስበን ሰበርን። እያለቀስን ነው የተማርነው። አሁን ነጭ ጋዝ አጠጥተን እናሳድረዋለን፤ ይሄው አንድ ምዕራፍ ሆኖ ገብቷል» አሉ።

በዚህ መሐል ከባድ ቦርሳ ያነገተች ልጅ መጣች። ቶይባ ትባላለች። ሻሿን ከጆሮዋ ኋላ አጥብቃ አስራለች፣ ዓሣ ብላት እምቢ አለች።

«ዛሬ የምትፈተን እሷ ናት፣ አምባሰል፣ እዚያው የትውልድ መንደሯ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቅሬው ድንኳንና ድስት የሚያኖርበት መንገድ ዳር ያለ ክፍል አለው። ካመኑባት ለጋራዥ ይሰጧታል። ካልሰጧት ፓስፖርቷ ወጥቷል። ጂዳ ትሄዳለች።»

ማክሰኞ ከሰዓት፣ አምባሰል

ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። የአምባሰል ተራራ ጠፍጣፋ ራሱን ይዞ ከፊታችን ሲቆም ቴፑ ባቲ ቅኝት ያንቆረቁራል። «አምባሰል እየገባን ባቲ? አይነውርም?» አልኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ቅኝት ድንበር የለውም እትዬ፣ የሚዋጋው ሰው ነው» አለ።

ከዋናው መንገድ ወርደን በማሽላ አገዳ መሐል ወደ ወንዙ ሄድን። የመንደሩ ሰው ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሁሴን ረጅም ሰው ናቸው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። አጠገባቸው የሞተሩ ባለቤት አያ ካሳው ቆመዋል፤ በኩታቸው ጫፍ ሞተራቸውን ደጋግመው ይጠርጋሉ። ከመሬት ያወጡት በቅርቡ ነው፣ የሽንኩርት ችግኛቸው መጠውለግ ሲጀምር።

ሸህ ሁሴን ነገሩን አልሸፋፈኑትም። «ልጃችን ናት፣ እንወዳታለን። ነገር ግን በዚህ መንደር የተረፉት የውኃ ሞተሮች ሁለት ናቸው፤ ይሄ የካሳውና የእኔ። የቀረው በጦርነቱ ተወስዷል። ሁለት ሞተር ባለበት አገር ባለሙያ ምን ትበላለች? ክፍሉን ሰጥተን እናስርባት?»



ቶይባ ቦርሳዋን ፈታች። ካንዴላውን ነቀለች፣ መዘውሩን በእጇ ለማዞር ሞከረች። ንቅንቅ አላለም። ሁለት ጎረምሶች ዘለው የማስነሻ ገመዱን ያዙ፦ «አንቺ ዞር በይ፣ እኛ እንሳበው!»

«አይነካም!» አለች። ድምጿ ይህን ያህል ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ወደ ባለቤቱ ዞረች። «አያ ካሳው፣ ሳይቀብሩት ምን አጠጡት?»

አያ ካሳው መሬት መሬት አዩ። «የኑግ ዘይት» አሉ፣ «ያውም ንጹሑን።» ሰው ሳቀ።

«እንግዲያውስ ዛሬ አይነሳም። ነጭ ጋዝ ጠጥቶ ይደር፤ ነገ ጠዋት እናየዋለን።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ሥራ ፈትቶ መጥቶ?» አሉ ሸህ ሁሴን።

«ሰው መጣ ብዬ ከሳብኩት ይሰበራል፣ አባባ። ከተሰበረ ለሁልጊዜው ነው።»

ጉርምርምታው ተነሳ። «ምን ተማረች ታዲያ?» ሲል ሰማሁ አንዱን። ጋሽ ሰይድን አየኋቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቃል አልተነፈሱም። አንድ ቃል ቢናገሩላት ምን ነበረበት ብዬ ተናደድኩባቸው። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው፤ እሳቸው ቢናገሩላት ኖሮ ሰው የሚያምነው እሳቸውን እንጂ እሷን አይሆንም ነበር።

ያደርነው ከቶይባ እናት ከእትዬ ዘሀራ ቤት ነው። የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን፣ ብሉ ብሉ እያሉ እሳቸው ሳይቀምሱ። ልጃቸው ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ባሕር ተሻግራ ከምትልክልኝ ወርቅ እዚሁ አጠገቤ ጥሬ ብትቆረጥም ይሻለኛል ወላሂ። ግን ጥሬውስ ከየት ይመጣል? ሸህ ሁሴን ያሉት እውነት ነው። ዱሮ ወንዙ ዳር ሽንኩርት የማያለማ አልነበረም፤ ዛሬ ይሄው ነው።» «አይዞዎት» አልኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ወንዙ ዳር

የመጣው ሰው ከትናንቱ አነሰ። ተስፋ ቆርጦ የቀረ አለ፣ በሚሆነው ለመሳቅ የመጣም አለ። ቶይባ ማንንም አላየችም። ሁለት መዳፏን መዘውሩ ላይ ጫነችና ቀስ ብላ ገፋች፣ መለሰች፣ ገፋች። ጣት የማይሞላ ተነቃነቀ። እንደገና። ከዚያ ግማሽ ዞረ፣ ከዚያ ሙሉ። ሞተሩን አጋድማ ስትደፋው ጥቁርና ወፍራም ነገር እንደ ማር እየተሳበ ወረደ። አያ ካሳው «ንጹሑ ዘይቴ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

አጠበች፣ አደረቀች፣ እውነተኛውን የሞተር ዘይት ሞላች፣ ካንዴላውን በአሸዋ ወረቀት ፈትጋ መለሰች። ገመዱን ስትስብ ሳል አለና ቆመ። ደገመች፤ ምንም። ማየት አቅቶኝ ፊቴን ወደ ተራራው አዞርኩ። በሦስተኛው የሰማያዊ ጭስ ሽታ አፍንጫዬ ገባ፣ ከዚያ ድምፁ። ስዞር ቱቦው እንደተቆጣ እባብ ተወራጭቶ ውኃውን ማሳው ላይ ሲተፋ ደረስኩ። አያ ካሳው በእግራቸው ገቡበት። ጎረምሶቹ ሳይቀሩ እልል አሉ። እኔም አልኩ፣ ለምን እደብቃለሁ።

ሸህ ሁሴን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ማሻአላህ። ባለሙያነቷን በዓይናችን አየን። እኔን የጨነቀኝ ግን አልተነሳም፤ አሁንም ሁለት ሞተር ነው የማውቀው» አሉ። የቶይባ ፊት ሲጠቁር አየሁት። መፍቻዎቿን መሰብሰብ ጀመረች።

ያን ጊዜ ሪዛቸው የነጣ አንድ ሽማግሌ ከኋላ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ብለው ነው መሰል በሹክሹክታ ጠየቋት፤ ነገር ግን ሁላችንም ሰማናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ሞተሩ አሁንም መሬት ውስጥ ቢሆንስ? እንዲያው ለነገሩ።»

ሸህ ሁሴን ዘወር አሉ። «አንተ! ተወሰደብኝ ብለህ ምለህልኝ አልነበር?»

«ማልኩ። ሰላሙን በሬዲዮ ሰማነው እንጂ መች እጃችን ገባ፣ ሸህ? ባወጣው የሚወስደው አለ፤ ቢበላሽ የሚሠራው የለም። ለማን ብዬ ላውጣው? አሁን ግን ይሄው የሚሠራው መጣ።»

ቀጥሎ አንዲት ሴት ከሰው መሐል፦ «የእኔው በኑግ ሳይሆን በሰሊጥ ዘይት ነው የተቀበረው። ይብሳል?»

«ሳላየው አልናገርም» አለች ቶይባ።

«የእኔ ምንም አልጠጣም፣ ጾሙን ነው!» አለ ሌላው፣ ሳቁ ዳገቱን ሞላው። ሳቁ እስኪያልቅ ሸህ ሁሴን ጺማቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «እንግዲህ ከተነሳ አይቀር፣ ለእኔም አንዲት ትንሽ ሌላ አለችኝ፣ ከበረቱ ሥር» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። እትዬ ዘሀራ ብቻ አልሳቁም፤ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የክፍሉን ቁልፍ ለቶይባ የሰጧት በእናቷ በኩል ነው።

ወደ ዋናው መንገድ ስንወጣ ከየአጥሩ ጀርባ የዶማ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰው በጠራራ ፀሐይ ጓሮውን ይቆፍራል። ጋሽ ሰይድ በየአጥሩ ቆም እያሉ ያዳምጣሉ፤ ቀብር ላይ ጠይቀው ያላገኙት መልስ ነው። ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞልን ልንገባ ስንል ቶይባ እየሮጠች ደረሰች። እጇ እስከ ክርኗ ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለብቻዬ አይሆንም። ከክፍላችን ልጆች ሁለት ሰው ይላኩልኝ።»

«ጉልበት ያላቸውን መርጬ እልካለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ጉልበት ሞልቶናል» አለች። «መጠበቅ የሚችሉትን ይላኩልኝ።»