ኸድር ያላየው ትምህርት ቤት

ኸድርን ያወቅሁት ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር በምትሄደው የጠዋት ሚኒባስ ላይ ነው። ሁለታችንም ባሕር ዳር እየሠራን ሐሙሲት ነው የምንኖረው። እሱ በአንድ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጣቶቹ ላይ ጥቁር ፕላስተር የማይጠፋ ሰው። ተሳፋሪው ስለ ቤትና ስለ ልጆች ትምህርት ማውራት ሲጀምር ኸድር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ለምን እንደሚያዞር የነገረኝ ከተዋወቅን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱንም በአንድ ጠዋት አልጨረሰውም።

ነገሩ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ያኔ ከሚስቱ ከጀሚላና ከአንድ ልጃቸው ከሀናን ጋር ባሕር ዳር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጀሚላ ልብስ ሰፊ ናት። ሀናን ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ሒሳብ ስለምትወድ የጎረቤት ልጆች ሁሉ የቤት ሥራቸውን ይዘው ወደ እሷ ይመጡ ነበር። አከራያቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ልጃቸው ሊያገባ መሆኑን ነግረው ቤቱን እስከ ነሐሴ እንዲለቁላቸው ለመኗቸው።

የት ይሂዱ? ጀሚላ ሐሙሲትን አሰበች። ሐሙሲት ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ኸድር ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ኸድር ግን ደብረ ታቦርን አነሣ። ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው፤ የአጎቱ ቤትም ሰው የሚገባበት አጥቶ ተዘግቶ ነበር። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰኞ ማለዳ ወጥቶ ዓርብ ማታ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። ቢሆንም ምክንያቱን በደንብ አዘጋጅቶ ነበር። ሀናንን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ወባ ጥሏታል፤ ደብረ ታቦር ደጋ ነው። ዘመድም አለ። ትምህርቱም ጥሩ ነው ይባላል።

ከእነዚህ አንዱም ውሸት አልነበረም። ያልተናገረው አንድ ነገር ግን ነበረ፤ እሱም ሳይክሉ ነው።

ባሕር ዳር ሳይክል የማይነዳ ሰው ጥቂት ነው። የኸድር ግን ከሌላው ይለያል። አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት፣ ጎማው ሰፊ፣ ማርሹ ብዙ፣ ለዳገትና ለድንጋይ የተሠራ ማውንቴን ነው። ባንድ ዒድ ደብረ ታቦር ወስዶት ወደ ጉና ተራራ የሚወጣውን መንገድ ከነዳበት ወዲህ የባሕር ዳር ሜዳ አስጠላው። አስፋልቱ ላይ ሲነዳ ልቡ እዚያ ዳገት ላይ ነው። ይህን ለሚስቱ መናገር አፈረ። የአርባ ዓመት ሰው፣ የልጅ አባት፣ ቤቱን የሚመርጠው ሳይክል ለመንዳት ነው እንዴት ይባላል?

ጀሚላ በመጨረሻ ተስማማች፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ትምህርት ቤቱን ሄደህ በዓይንህ እይልኝ» አለችው። «በሚመጣው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት እንደሚሆኑ፣ የሒሳብ መምህር መኖሩን፣ ለሴቶቹ መጸዳጃና ውኃ መኖሩን እይ። መንገዱንም እየው፤ ብቻዋን ነው የምትመላለሰው።»

ኸድር የሁለት ቀን ፈቃድ ወስዶ ሐሙስ ዕለት ሄደ። ሳይክሉን ሚኒባሱ ላይ ሲያስጭን ጀሚላ ለምን እንደሚወስደው ብትጠይቀው ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ርቀት ሊለካበት እንደሆነ ነገራት።

ሐሙስ ቤቱን አየ። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ። ዘበኛው ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ እንደሆኑና ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚገኙ ነገረው። አንድ ሰዓት ምን ይሠራበታል? እስከዚያው ጥቂት ልንዳ ብሎ ወጣ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከከተማው ሲወጣ ብርዱ ፊቱን ይቆርጠዋል፤ ዳገቱ ላይ ግን ላብ አጠመቀው። ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ጉና በሚወስደው የበቅሎ መንገድ ታጠፈ። ግራና ቀኙ አዲስ የታረሰ የድንች ማሳ ነው። እዚያ መታጠፊያ ደርሼ እመለሳለሁ ይላል፤ መታጠፊያው ሲደርስ ሌላ መታጠፊያ ይታየዋል። ሦስት ሰዓት አለፈ። አራትም አለፈ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት እንደማያውቅ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ቁልቁል ሲመለስ ዝናብ መጣ፤ ጭቃው ጎማውን ያዘው፤ ካቴናው ተበጠሰ። የጁምዓ ሶላት አመለጠው። ሳይክሉን እየገፋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩ ተቆልፏል። በቀዳዳው አጮልቆ ያየው ባዶ ግቢና አንድ የባንዲራ እንጨት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ባሕር ዳር ገባ። ጀሚላ ውኃ አቀረበችለትና መጠየቅ ጀመረች። ስንት ይሆናሉ ስትለው አርባ አምስት አለ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣለት እስከ ዛሬ አያውቅም። የሒሳብ መምህሩ አለ፣ ጎበዝ ነው ተብሏል፤ ውኃውም አለ፤ መንገዱም ቀና ነው አላት።

«ክፍሉ ውስጥ ገብተህ አየኸው?»

«ወላሂ፣ በዓይኔ አየሁት።»

በቤታቸው ይህ ቃል ለቀልድ አይወጣም። ጀሚላ ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጨመረችም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ የነበረችው ሀናን ቀና ብላ ፈገግ አለችለት።

በነሐሴ ደብረ ታቦር ገቡ። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ኸድር ከባሕር ዳር መጣ። እራት ላይ፣ እንደዋዛ፣ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሆነ ሀናንን ጠየቃት። ጥሩ ነው አለችው። ጀሚላም አርባ አምስት ናቸው፣ እንዳልከው ነው፣ ሒሳቡንም ይዘውታል አለችው።

ኸድር የሰማውን ማመን አቃተው። የፈጠረው ነገር እውነት ሆኖ ይሆን? ሊሆን ይችላል ብሎ ራሱን አሳመነ። ሄዶ ቢያይ ግን ሌላ ነገር እንዳያገኝ ስለፈራ አልሄደም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክሉን ይዞ ወደ ጉና ይወጣል፤ ሲወጣም በትምህርት ቤቱ በር ላለማለፍ ሲል በጓሮ በኩል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ይዞራል። ጀሚላ ሳምንቱን ሙሉ ጠብቃው ቅዳሜንም ብቻዋን ስትውል አንድ ቀን አልተቆጣችውም። ደክሞታል፣ ይንሸራሸር ትል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ወላጆች ለስብሰባ ተጠሩ፤ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኸድር ሊቀር ሰበብ ቢፈልግም ጀሚላ አብረን እንሂድ አለችው። ወላጆቹ ልጆቻቸው በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ጌጡ ገና ወጣት ናቸው። ወላጆችን ይቅርታ ጠይቀው ጀመሩ። በአንድ ክፍል ሰማንያ ሁለት ተማሪ እንዳለ፣ የሒሳብ መምህሩ ተዛውረው ምትክ እስካሁን እንዳልመጣ፣ ቧንቧውም ከደረቀ መቆየቱን ተናገሩ። ወላጅ በቤቱ ልጁን እንዲያግዝ ለመኑ።

ጀሚላ ስለ ሌላ ክፍል የሚያወሩ መስሏት እጇን አውጥታ ጠየቀች። መምህሩ ስለዚሁ ክፍል ነው አሏት። ከወላጆቻቸው ጋር ከመጡት ተማሪዎች መካከል በር ላይ ወደቆመችው ልጇ ዞረች።

«ሀናን፣ አርባ አምስት ነን አላልሽኝም?»

ሀናን አባቷን አየችው። ከዚያ መሬት መሬት አየች።

«ዋሸሁ» አለች።

«ሒሳብስ? በየሳምንቱ ተማርን የምትዪኝ?»

«እሱንም ዋሸሁ።»

ጀሚላ ሰው ፊት ድምጿን የምታነሣ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን እኔ ልጄን ውሸት አላስተማርኳትም ነበር፣ ከየት አመጣችው ስትል ክፍሉ ሁሉ ሰማት። ልጆቹ ተያዩ። ሀናን ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ኸድር መናገር የነበረበት ያኔ ነው። እሱ ግን አቀርቅሮ ዴስኩን ያይ ጀመር። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያዘነ መስሏቸው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉለት። «ልጅ ናት፣ ትታረማለች» አሉት።

ያ እጅ እስከ ዛሬ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ይሰማዋል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሀናን ቀድማ ብቻዋን ትሄዳለች። ኸድር ቀና ነው ባለው መንገድ ላይ ጠዋትም የተሻገሩት ወንዝ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ በለመደ እግር ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጠች ተሻገረች። መስከረም ላይ ሞልቶ ሳለ እንዴት ስትሻገረው እንደከረመች ኸድር ያን ጊዜ ገባው። ጀሚላ አንተ ስታያቸው አርባ አምስት ነበሩ ወይ አለችው። ዘንድሮ በዝተው ይሆናል አላት፤ አመነችው። እሑድ ጀሚላ ልጇን አላናገረቻትም። ኸድር ጓሮ ተቀምጦ የሳይክሉን ንጹሕ ካቴና ሲጠርግ ዋለ።

ሰኞ ማለዳ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ሄደ። ወረታ ከተማ ላይ ወርዶ የባሕር ዳር መኪና መያዝ ነበረበት። ረዳቱ ሲጣራ፣ ሰው ሲሳፈር እያየ ቆመ። መኪናው ሞልቶ ሄደ። ሁለተኛውም ሞልቶ ሄደ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ደብረ ታቦር በሚመለሰው ገባ።

ቤት ሲደርስ ጀሚላ ሲንጀሯ ላይ ነበረች። ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ዘበኛውን፣ የበቅሎ መንገዱን፣ የተቆለፈውን በር። ሳይክሉ ባይኖር ደብረ ታቦርን እንደማይመርጥም ነገራት። ጀሚላ የያዘችውን ስፌት እስከ ጫፉ ጨርሳ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች።

«ምለህልኝ ነበር።»

«አዎ።»

«የእኔ ይቆይ» አለችው። «ቅዳሜ ሰው ፊት ያዋረድኳት ልጅ አለች። መጀመሪያ እሷ ጋ ሂድ።»

ኸድር ራሱ ፈልጎ የትምህርት ቤቱን ግቢ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። እረፍት ላይ ነበሩ። ሀናን በሰኞ ቀን አባቷን ስታይ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች መጣች። ከግንቡ ጥግ ወስዶ የሆነውን ነገራት።

«አውቄያለሁ» አለችው። «ዓምናም ሰማንያ እንደነበሩ ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለእናትሽ ለምን አልነገርሻትም?»

«ወላሂ ብለህ ነበራ። ብነግራት ከዚያ ወዲህ የምትናገረውን ሁሉ አታምንህም ብዬ ፈራሁ።»

ኸድር እንባው መጣ። ሀናን ዙሪያዋን ቃኘች። «አባዬ፣ ልጆቹ እያዩን ነው፤ በቃ ሂድ» አለችው። አልተቆጣችም፤ አፍራበት ነው። ከዚያ ከመምህር ጌጡ ዘንድ ገብቶ ልጅቷ የዋሸችው እሱን ለመሸፈን መሆኑን ተናገረ። መምህሩ ተነሥተው ጨበጡት።

ቅዳሜና እሑድ ሒሳብ ያስጠናት ጀመር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሒሳብ ሩቅ አይወስድም፤ በወሩ በለጠችው፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ መጽሐፉን እየገለጠ ይይዝላት ነበር። ሚኒስትሪን አለፈች። የሒሳቡ ውጤት ግን የባሕር ዳር መምህሮቿ ይጠብቁት የነበረው አይደለም።

በነሐሴ 2005 ሐሙሲት ገቡ። የሐሙሲቱን ትምህርት ቤት ጀሚላና ሀናን ሦስት ጊዜ ሄደው አይተውታል። እኔም ልምጣ ቢላቸው ጀሚላ አንተ የሚኒባሱን ሰዓት አጣራ አለችው። ወዲያው በመስከረም ሀናንን ወባ ጣላት። ኸድር አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ ሲያጠጣት ስለ ደብረ ታቦር ብርድ አንዲት ቃል ለመተንፈስ አልደፈረም። ሳይክሉን አልሸጠውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ይነዳዋል።

ይህን ሁሉ የነገረኝ እኔው ሳላውቅ ካነሣሁት በኋላ ነው። በ2007 አንድ እሑድ ቤታቸው ምሳ ጋብዘውኝ፣ ያን የመሰለ ደጋ አገር ትታችሁ ለምን መጣችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ኸድር አንገቱን ደፋ። ሀናን ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች።

«ኸድር ሥራው ራቀበት» አለች ጀሚላ። «ሳምንቱን ሙሉ ሳናየው እየከረመ ተቸገርን።»

በማግስቱ ሚኒባሱ ውስጥ ኸድር ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ ጀሚላ ለሚጠይቃት ሁሉ እንደዚያ እንደምትል ነገረኝ።

«አንድ ቀን እንኳ ጉዴን አላወጣችብኝም» አለኝ። «ብታወጣብኝ ይሻለኝ ነበር።»